የድንቅነሽ የሕይወት ታሪክ፥ በአጥንትዋ ተጽፎ እንደ ተገኘ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ መጻሕፍትን ይመረምራል፤ ደብዳቤዎችን ያገላብጣል፤ ባለታሪኩን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሎች ካሉም ሄዶ ይጠይቃል። እኛ ግን በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ ታሪኳን ለመጻፍ የመረጥናት እናት አንድ ፊደል እንኳ አልጻፈችም። ያያት ሽማግሌ የለም፤ የተወለደችበትን ቀን የመዘገበ የለም፤ ስምዋም እንኳ የወጣላት ከሞተች ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው። ከእርስዋ ተርፎ ለእኛ የደረሰን አጥንትዋ ብቻ ነው። ይህችም ስምዋ በዓለም ሁሉ የተሰማው፥ የውጭ አገር ሰዎች ሉሲ፥ እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ድንቅነሽ የምንላት ናት።

ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ አርበኞች ሲጽፉ እኛ ስለ አጥንት ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንዶቹን አስቋቸዋል። በእነርሱ ዘንድ አጥንት ደረቅ ነገር ነው፤ ሥጋው ተበልቶ ለውሻ የሚጣል ነው። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ እናስብ ነበር። አሳባችንን የለወጠው አንድ ክፉ አጋጣሚ ነው፤ የድንቅነሽንም አጥንት ማንበብ የተማርነው በእርሱ ምክንያት ስለ ሆነ ታሪኩን ከዚያ እንጀምራለን።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ስንጫወት ከመካከላችን አንዱ ተጠልፎ ወደቀ። ሲወድቅ መሬቱን በእጁ ስለ ተመረኮዘ የቀኝ ክንዱ በክርኑና በእጅ አንጓው መካከል ተሰበረ። የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው፥ ከፊሎቹ ወደ ወጌሻ፥ ከፊሎቹ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ እያሉ ሲከራከሩ እናቱ ደርሰው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ እኛም ተከተልን። በዚያም ክንዱ በራጅ ተነሣ።

ሐኪሙ ፎቶግራፉን ከብርሃን ፊት ባቆሙት ጊዜ ስብራቱ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ሆኖ ታየን። ነገር ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ፥ ከእጅ አንጓው አጠገብ፥ አጥንቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ሌላ ጥቁር መስመር ነበረ። ጓደኛችን ሁለት ቦታ የተሰበረ መስሎት ማልቀስ ጀመረ፤ እኛም ተስፋ ቆርጠን እርስ በርሳችን ተያየን። ሐኪሙ ግን ፈገግ ብለው የአንድ ትልቅ ሰው ፎቶግራፍ አመጡና ከጎኑ ሰቀሉት። በትልቁ ሰው አጥንት ላይ ያ መስመር አልነበረም። መስመሩ ስብራት ሳይሆን አጥንቱ ገና የሚያድግበት ሥፍራ መሆኑን፥ ልጁ ዕድገቱን በጨረሰ ጊዜም ያ ሥፍራ ተዘግቶ መስመሩ እንደሚጠፋ አስረዱን። ጓደኛችንም እንባውን ጠረገ።

አጥንቱ ተቃንቶ በጀሶ ታሰረ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጀሶው ተፈትቶ ክንዱ እንደ ገና በራጅ ሲነሣ በስብራቱ ዙሪያ ደመና የመሰለ ነጭ እብጠት ከቦት አየን። ይህም አዲስ የተሠራ አጥንት ነው። እንዲህ ያለውን ጥገና ሊሠራ የሚችለው ሕያው አጥንት ብቻ ነው፤ የሞተ ፍጡር አጥንት ግን አንድ ጊዜ ከተሰበረ ስብራቱ እንደ ተሰበረ ይቀራል።

ይህን የምታነቡ ወላጆቻችን፥ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን እነዚህን ሁለት ነገሮች፥ ይኸውም የዕድገቱን መስመርና የስብራቱን ጥገና፥ በልባችሁ እንድትይዙልን እንለምናለን። የድንቅነሽን ዕድሜና አሟሟት ለመመርመር የሚያስፈልጉን ቁልፎች እነርሱ ናቸውና።

እንግዲህ አጥንት ምንድር ነው? በቤት ውስጥ ማንም ሊያደርገው በሚችል ሙከራ እንጀምር። የዶሮ ቅልጥም ወስደን፥ አቼቶውን እየለወጥን ብዙ ቀን ብንዘፈዝፈው አጥንቱ ቅርጹን ሳይለውጥ እንደ ጎማ የሚለመጥ ይሆናል። ሌላውን ቅልጥም ደግሞ በእሳት ውስጥ ብናቆየው ቅርጹ ሳይጠፋ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ነገር ግን በጣት ሲጫኑት ይደቅቃል። አቼቶው አሟሙቶ ያወጣው ካልሲየምና ፎስፎረስ ያሉበትን ማዕድን ነው፤ እሳቱ ያጠፋው ደግሞ ኮላጅን የተባለውን፥ ጅማትም የሚሠራበትን ክር ነው። ጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ጭድን ከጭቃ ጋር የሚያቦካው ለዚሁ ነው። ጭቃው ብቻውን ይሰነጠቃል፤ ጭዱም ብቻውን አይቆምም። እንዲሁም ማዕድኑ ለአጥንት ጥንካሬን ሲሰጠው ክሩ ቶሎ እንዳይሰበር ያደርገዋል። ደረቅ አጥንት ቢመዘን ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ያህሉ ማዕድን ነው።

ይሁን እንጂ አጥንት ግንብ ብቻ አይደለም፤ ግንበኞቹም በውስጡ ይኖራሉ። ሰውነታችን ከተሠራባቸው ሴሎች አንዳንዶቹ አጥንትን ይገነባሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ያረጀውን አጥንት እየሟሟ እንዲወገድ ያደርጋሉ። ከገንቢዎቹም ከፊሎቹ ራሳቸው በሠሩት ግንብ ውስጥ ተከበው ይቀሩና አጥንቱን እየጠበቁ ይኖራሉ። ጠንካራው የአጥንት ክፍል በአጉሊ መነጽር ሲታይ፥ በጠባብ ቦዮች ዙሪያ እንደ ሽንኩርት ልጥ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ በቦዮቹም ውስጥ የደም ሥር ያልፋል። እነዚህ ቦዮች እ.ኤ.አ. በ1691 ስለ አጥንት መጽሐፍ ባሳተሙት በእንግሊዛዊው ሐኪም በክሎፕተን ሃቨርስ ስም ይጠራሉ። ወደ ጫፉ ያለው የውስጥ ክፍል ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ በዚያ የሚገኘውም ቀይ መቅኔ ደም ይሠራል። አጥንት ያለ ማቋረጥ እየፈረሰ እንደ ገና ስለሚሠራ፥ ዛሬ የተሸከመን አጥንት በሕፃንነታችን የነበረን አጥንት አይደለም።

አጥንት የሚጀመረውም በእናት ማኅፀን ነው። አብዛኛው የሕፃኑ ዐፅም በመጀመሪያ እንደ ጆሮ ቅጠል የሚለመጥ ለስላሳ ነገር ሆኖ ይሠራል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ገደማ በዚህ ለስላሳ ነገር መካከል እውነተኛው አጥንት መተካት ይጀምራል። የራስ ቅል ጠፍጣፋ አጥንቶች ግን በቀጥታ ከስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ሳይገጥሙም ስለሚቆዩ በሕፃን አናት ላይ እርግብግቢት ሲመታ እናያለን። የክንድና የእግር ረጃጅም አጥንቶች መካከላቸው ቀድሞ ይጠነክራል፤ ቀጥሎም ጫፎቻቸው ለብቻቸው ይጠነክራሉ። በመካከሉና በጫፉ መለያያ ላይ ግን አንድ ስስ ለስላሳ ክፍል ይቀራል። በዚያ ያሉት ሴሎች እንደ ሳንቲም ተደራርበው እየተባዙ አጥንቱን ያረዝሙታል፤ አጥንት ገንቢዎቹም ከኋላ እየተከተሉ ያንን ለስላሳ ነገር በአጥንት ይተኩታል። አንዱ እየሸሸ ሌላው እያሳደደ እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ይቆያል። አሳዳጁ የደረሰበት ቀን የሰው ቁመት ያበቃል። በጓደኛችን ፎቶግራፍ ላይ ያየነው ጥቁር መስመር ይህ ለስላሳ ክፍል ነበር። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከ270 የሚበልጡ የአጥንት ክፍሎች ሲኖሩት ትልቅ ሰው 206 ብቻ የሚኖሩት፥ ብዙዎቹ እያደር እርስ በርሳቸው ስለሚገጥሙ ነው።

ይህን ከተረዳን ወደ ድንቅነሽ አገር እንሂድ። መንገዱንም የሚያሳየን የገዛ ወንዛችን ነው። በሰፈራችን በኩል የሚያልፉት ታላቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽም ቆቃን፥ ወንጂንና መተሐራን አልፎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ባሕር ሳይደርስም በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ከመድረሱ በፊት ሐዳር የሚባለውን፥ ጎርፍ የሸረሸረውን ምድረ በዳ ያገኛል። የድንቅነሽ አጥንት የተገኘው በዚያ ነው።

የሐዳርን ጥቅም ለሳይንስ አስቀድመው ያስተዋሉት ሞሪስ ታይብ የተባሉት ፈረንሳዊ የመሬት ሊቅ ናቸው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪያቸው ቶም ግሬይ በአንድ ተዳፋት ላይ ሲያልፉ የክርን አጥንት ቁራጭ አዩ። ቀጥሎም የራስ ቅል ስባሪ፥ የጭን አጥንት፥ የአከርካሪ አጥንት፥ የዳሌና የጎድን አጥንት ተገኘ። በዚያው ወራት በሐዳር መንጋጋዎችን ያገኙት ኢትዮጵያዊው አቶ ዓለማየሁ አስፋው ከጓዶቹ መካከል ነበሩ። ሁሉም በብዙ ቀን ድካም አፈሩን እያጣሩ በብዙ መቶ የሚቈጠር ስብርባሪ ለቀሙ። ሲገጣጠምም ከመላው ዐፅም ከመቶ 40 ያህሉ ሆነ። አንድ ዓይነት አጥንት ሁለት ጊዜ ስላልተገኘ ሁሉም የአንዲት ፍጡር አጥንት መሆኑ ታወቀ። ሉሲ የተባለችው በዚያች ሌሊት በሠፈራቸው ሲሰማ ከነበረ የእንግሊዝኛ ዘፈን ነው። ወገንዋም እ.ኤ.አ. በ1978 አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ የሚል የሳይንስ ስም ተሰጠው፤ ይህም ስም የአፋርን ምድር የሚያስታውስ ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር እንግለጥ። ድንቅነሽ ፈጽማ እንደ እኛ ያለች ሰው አልነበረችም። የወገንዋ አንጎል ከእኛ አንጎል አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር። ነገር ግን ከዝንጀሮዎች ተለይታ ቀጥ ብላ በሁለት እግርዋ ትሄድ ስለ ነበር የሰው ዘር ከወጣበት ወገን ትቈጠራለች። የኖረችበትም ዘመን ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ በአካባቢው ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ምርመራ ታውቋል።

ስለ ልጅነትዋ የራስዋ አጥንት ብዙ አይነግረንም፤ ያደገ አጥንት የልጅነቱን ቅርጽ አፍርሶ የተሠራ ነውና። ግን ከወገንዋ አንዲት ሕፃን ትነግረናለች። ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ዘረሠናይ ዓለምሰገድ የሚመሩት ቡድን ከሐዳር ብዙ በማይርቀው በዲቂቃ የሕፃን ዐፅም አገኘ፤ ስምዋም ሰላም ተባለ። ሰላም የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ስለዚህ የድንቅነሽ ልጅ ሳትሆን ከእርስዋ እጅግ የምትቀድም ናት። ዐፅምዋ እንደ ድንጋይ በጠነከረ አሸዋ ስለ ተያዘ፥ የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት ዓይነት ስስ መሣሪያ አሸዋውን በጥንቃቄ እየፈለፈሉ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቷል። በራጅ ሲመረመር ከወተት ጥርሶችዋ ሥር ያልበቀሉት ቋሚ ጥርሶች በመንጋጋዋ ውስጥ ተሰውረው ታዩ። በእነርሱም ዕድሜዋ ሦስት ዓመት እንደማይሞላ ተገመተ። እንግዲህ ድንቅነሽም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለች ሕፃን ነበረች፤ ከእርስዋም አጥንት ጫፍ ላይ ያ ለስላሳ መስመር ነበረ።

አድጋም የደረሰችበት ቁመት 1 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህም ከአንደኛ ክፍል ተማሪ ቁመት አይበልጥም። ክብደትዋም 30 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ እንደ ነበረ ይገመታል። ከወገንዋ ወንዶቹ ግን ከእርስዋ በጣም የሚበልጡ ነበሩ፤ ሴት መሆንዋ የተገመተበትም አንዱ ምክንያት ይህ የአካልዋ ማነስ ነው።

አካሄድዋንም አጥንትዋ ይመሰክራል። ቀጥ ብሎ በሁለት እግር የሚሄድ ፍጡር የጭኑ አጥንት ከዳሌው ተነሥቶ ወደ ጉልበቱ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ እግሩ ከገላው ክብደት በታች እንዲያርፍ ነው። በአራት እግሩ የሚሄደው ዝንጀሮ ግን እንዲህ ያለ ማዘንበል የለውም። የድንቅነሽ ወገን የጭን አጥንት እንደ እኛ አጥንት ያዘነብላል፤ የዳሌዋም አጥንት እንደ እኛ አጭርና ሰፊ ነው። ስለዚህ ውኃ ለመጠጣት ወደ ወንዝ ስትወርድ የምትሄደው ቀጥ ብላ ነበር ማለት ነው።

ክንዶችዋ ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። የላይኛው የክንድዋ አጥንት ርዝመት የጭንዋን አጥንት ከመቶ 85 ያህል ይሆናል፤ በእኛ ግን ከመቶ 70 ገደማ ነው። ደግሞም በራጅ ሲመረመር የክንድዋ አጥንት ግድግዳ ለቁመትዋ እጅግ ወፍራም ሆኖ ተገኝቷል። አጥንት ሥራ ሲበዛበት እንደሚወፍር፥ ሥራ ሲያጣም እንደሚሳሳ የታወቀ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ እጁ የሚሠራ ሰው የዚያ እጁ አጥንት ከሌላው ይወፍራል፤ ብዙ ወራት በአልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ደግሞ አጥንቱ ይሳሳል። ስለዚህ ድንቅነሽ በእግርዋ የምትሄድ ብትሆንም በክንዶችዋ እየተጎተተች ወደ ዛፍ መውጣት የምታዘወትር እንደ ነበረች ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ምናልባትም ሌሊት ሌሊት አውሬ ፈርታ ዛፍ ላይ ታድር ነበር።

ሕመምም አላጣችም። ከጀርባዋ አከርካሪ አጥንቶች አንዳንዶቹ ያልተስተካከለ አበቃቀል ይታይባቸዋል። ወጣት ሳለች ጀርባዋ ጥቂት ጎብጦ እንደ ነበረ ከዚህ የሚገምቱ አሉ። ያማት ነበር ወይ ብለን ብንጠይቅ አጥንት ለዚህ መልስ አይሰጥም።

አሁን ወደ ዕድሜዋ እንምጣ። በጓደኛችን ክንድ ላይ ያየነው መስመር በድንቅነሽ አጥንት ጫፎች ላይ ተዘግቶ ይገኛል። እንግዲህ ዕድገትዋን ጨርሳ ነበር። በመጨረሻ የሚበቅለው መንጋጋ ጥርስዋም ወጥቶ ጥቂት መበላት ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ጥርስዋ ገና ብዙ አላለቀም፤ ስለዚህ ጎልማሳ እንጂ አሮጊት አልነበረችም። ወገንዋ ከእኛ ፈጥኖ ያድግ ስለ ነበር ስትሞት ዕድሜዋ ገና በዐሥራዎቹ ውስጥ እንደ ነበረ የሚገምቱ አሉ። ይህን ባነበብን ጊዜ ብዙ ዝም አልን። የዓለም ሕዝብ እናታችን የሚላት ድንቅነሽ ምናልባት እኛ ዛሬ ባለንበት ዕድሜ የሞተች ናት።

አሟሟትዋስ እንዴት ነበር? በዚህ ነገር ላይ የደረሰብንን ሳንሸሽግ እንጽፋለን። ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተወስዳ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ በየከተማው ስትታይ፥ እ.ኤ.አ. በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አጥንትዋ ሁሉ በሲቲ ስካን ተነሥቶ ነበር። በዚህ ላይ ተመሥርተው ዶክተር ጆን ካፕልማንና ጓደኞቻቸው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. አንድ ጽሑፍ አወጡ። የቀኝ ክንድዋ የትከሻ ጫፍ የተሰባበረው፥ ከከፍታ የወደቀ ሰው መሬቱን በእጁ ሲመረኮዝ እንደሚሰበረው ነው አሉ። በስብራቶቹም ላይ የጥገና ምልክት ስላልተገኘ፥ 12 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ምናልባትም ከዛፍ ወድቃ ወዲያው ሳትሞት አልቀረችም ብለው ደመደሙ።

እኛ ይህን ስናነብ ጓደኛችን በኳስ ሜዳ የወደቀበት ቀን ትዝ አለን። እርሱም እጁን ዘርግቶ ነበር የወደቀው። ስለዚህ በመጀመሪያው ረቂቃችን ላይ ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሞተች ብለን ያለ ጥርጥር ጻፍን፤ አሳዛኝ አድርገን በመጻፋችንም ኮርተን ነበር። መምህራችን ግን ረቂቁን መለሱልን፤ ተቃዋሚዎቹ የጻፉትንም እንድናነብ አዘዙን። እነ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት የተባሉ ሊቃውንት አሳቡን አልተቀበሉትም። በሐዳርና በሌላም ሥፍራ በተገኙ የአራዊት አጥንቶች ላይ ሁሉ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በብዛት እንደሚታይ፥ ይህንንም የሚያደርገው ከሞት በኋላ በላያቸው የተከመረው የአፈርና የድንጋይ ክብደት እንደ ሆነ ይናገራሉ። እኛም ባሰብነው ጊዜ የጥገና ምልክት አለመኖሩ አንድ ነገር ብቻ እንደሚያስረዳ ተገነዘብን። ይኸውም ስብራቱ የደረሰው ከመሞትዋ ብዙ አስቀድሞ አለመሆኑን ነው። በሞተችበት ሰዓት ይሁን ወይም ከሞተች ከሺህ ዓመት በኋላ፥ ይህን ጥገና አለመኖሩ ለይቶ አይነግረንም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረቂቅ ቀደድነው። ለመቅደድ አዝነን ነበር፤ አሁን ግን ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ የተጠቀምነው በዚያ ነው እንላለን። ለራሱ መናገር የማይችልን ሙት፥ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ በደል ነውና።

ከሞተች በኋላ አራዊት ብዙ አልነከሷትም፤ ጭቃና አሸዋ ፈጥኖ ሸፈናት። በብዙ ዘመንም ውስጥ በአጥንትዋ ቀዳዳዎች ሁሉ የመሬት ማዕድን ገብቶ ወደ ድንጋይ ለወጠው። ደም ይሄድበት የነበረው ቦይ በድንጋይ ተሞላ። እንዲህ ሆኖ ተሰውሮ ከኖረ በኋላ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ገለጠው። አንድ ሁለት ክረምት ቀደም ብለው ወይም ዘግይተው ቢያልፉ ኖሮ፥ ወይ ሳይገለጥ ወይ በጎርፍ ተወስዶ ባላገኙት ነበር።

ባለፈው ዓመት ከክፍላችን ጋር በአውቶቡስ ተሳፍረን፥ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን ነበር። እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ ተቆልፎበት ስለሚቀመጥ ለሕዝብ የሚታየው በእርሱ አምሳል የተሠራው ነው። ጓደኛችን ከመስተዋቱ ፊት ቆሞ የቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ቁመትዋ ከወገቡ ብዙ አይበልጥም ነበር። እኛም አልጠራነውም።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይጠቅማል? ድንቅነሽ ሳታስበው የሕይወትዋን ታሪክ በአጥንትዋ ላይ እንደ ጻፈች እኛም ዛሬ እየጻፍን ነው። ወተትና ጎመን ያላገኘ ሕፃን፥ ፀሐይም ያላየ፥ አጥንቱ ሳይጠነክር ቀርቶ እግሩ ይጎብጣል። ስለዚህ እናቶቻችን ሕፃን ልጃቸውን የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት መልካም አድርገው ነው። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ሥፍራ ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ብዙ ዘመን የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው በልዞ፥ ጀርባቸውም እንደ እንጨት ደርቆ ይታያል። አጥንት የተበላውን፥ የተጠጣውን፥ የተሠራውን ሁሉ ይመዘግባል። በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ የተከማቸው አጥንትም ለእርጅና የሚተርፍ ስንቅ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት ወዲያ ግን የሚጨመረው ጥቂት፥ የሚቀነሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን በሚያበሉን፥ መምህራኖቻችንም በስፖርት ሜዳ በሚያሮጡን ጊዜ አጥንታችን እየተሠራ ነው።

እኛ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን እንሰናበታለን። በክንዳችን ያለው መስመር በአንዳንዶቻችን ተዘግቷል፤ በአንዳንዶቻችንም ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ቁመታችን ከእንግዲህ አይጨምርም፤ አጥንታችን ግን እየታደሰ ይኖራል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን አቃቂን ሲሻገሩ፥ ያ ውኃ የሚወርደው ድንቅነሽ ወደ ተኛችበት አገር መሆኑን እንዲያስቡ፥ ስለ እርስዋም ሲጽፉ አጥንትዋ ከሚለው ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ እንዲጽፉ አደራ እንላቸዋለን።